ለበጎ አድራጎት የሚመደብ የቤተሰብ ገንዘብ ለዘላለም ይቀመጥ ወይስ ማብቂያ ይኑረው?

ጠያቂ፦

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ አባታችን አርባ ዓመት የደከሙበትን ድርጅት ከፊሉን ሸጠው ባለፈው ዓመት ከሥራ አርፈዋል። ከቤተሰቡ ሀብት አንድ ሦስተኛው ለበጎ አድራጎት እንዲውል የወሰኑት እሳቸው ሲሆኑ፣ በዚህ እኛ ልጆቻቸው ሁላችንም ተስማምተናል። ያልተስማማነው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ እየተሰጠ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቋሚ ፈንድ እንዲቋቋም ይፈልጋል። ታናሽ እህታችን ደግሞ ይህ ለዛሬው ችግረኛ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደ ማለት ነው፣ ገንዘቡ በሃያ ዓመት ውስጥ ተሰጥቶ ይለቅ ትላለች። እኔ ሁለቱም እውነት የያዙ ስለሚመስለኝ መወሰን አቅቶኛል።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አባታችን እስከ ዛሬ ሲሰጡ የኖሩት በአንድ ደብተር ነው። በግራው ገጽ የሰው ስም፣ በቀኙ ገጽ የተከፈለው የትምህርት ወይም የሕክምና ወጪ ይሰፍራል፤ ተማሪው ሲመረቅ ስሙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ያሰምሩበታል። ፋውንዴሽን አቋቁመን ባለሙያ ከቀጠርን በኋላ ይህ ቅርበት እንዳይጠፋ እፈራለሁ።

ስለዚህ ማብቂያ ይኑረው ወይስ አይኑረው፣ በየዓመቱ ምን ያህል መስጠት ይገባል፣ ገንዘቡስ በምን ላይ ይዋል? ይህን ስጠይቅ ከሀብታችን 60 በመቶ ያህሉ አሁንም በዚያው ድርጅት አክሲዮን መሆኑን፣ አባታችንም የቀረውን መሸጥ እንደ ክህደት እንደሚቆጥሩት መጨመር አለብኝ።

የመጀመሪያው መልስ፦

በሁለት የቤተሰብ ፈንዶች ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት አሳልፌያለሁ። ከታላቅ ወንድምዎ ሐሳብ ልነሳ፤ «ዋናው ገንዘብ አይነካ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላልና። በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አይነካ ማለት ከሆነ፣ የዋጋ ግሽበት በዓመት 3 በመቶ ብቻ ቢሆን እንኳ ያ ቁጥር በ24 ዓመት ገደማ የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያጣል። ማንም ሳይነካው ይሟሟል ማለት ነው። የመግዛት አቅሙ አይነካ ማለት ከሆነ ግን ሥራው እጅግ ከባድ ነው።

ለዚህ የኖቤል ሽልማት መሥራች የአልፍሬድ ኖቤልን ፈንድ ያህል ግልጽ ምሳሌ አላውቅም። ኖቤል በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረመው ኑዛዜ ሀብቱ «አስተማማኝ በሆኑ ሰነዶች» ላይ እንዲውል አዘዘ፤ በ1896 ሲሞትም ከ31 ሚሊዮን የስዊድን ክሮና በላይ ተወ። የዚያ ዘመን ባለአደራዎች አስተማማኝ የሚለውን ቃል በዋነኝነት ቦንድ (ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ገንዘብ አበድሮ ወለድ የሚገኝበት ሰነድ) እና ብድር ብለው ተረጎሙት። በ1901 150,782 ክሮና የነበረው አንድ ሽልማት በ1923 ወደ 114,935 ክሮና ወረደ፤ ግሽበቱ ሲታሰብበት ጉዳቱ ከዚህም የከፋ ነበር፤ ግብሩም የራሱን ድርሻ ወሰደ። ፈንዱ ከግብር ነፃ የሆነው በ1946 ሲሆን፣ በ1953 ደግሞ አክሲዮን በስፋት ለመግዛት ተፈቀደለት፤ ያገገመውም ከዚያ በኋላ ነው። በ2012 እንኳ ሽልማቱን ከ10 ወደ 8 ሚሊዮን ክሮና ዝቅ ለማድረግ ተገዷል። ኖቤል ገንዘቡ እንዳይጠፋ የጻፈው ጥንቃቄ ራሱ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገንዘቡን ሲበላው መኖሩ ነው የሚገርመኝ።

አሁን ሒሳቡን በራስዎ ቤት ያድርጉት። በየዓመቱ 5 በመቶ ብትሰጡ፣ ግሽበቱ 3 በመቶ ቢሆን፣ የአስተዳደርና የባለሙያ ወጪው 1 በመቶ ቢወስድ፣ ፈንዱ ባለበት እንዲቆም ብቻ በዓመት በአማካይ 9 በመቶ ማትረፍ አለበት። ይህን ቦንድ ብቻውን አይሰጥም፤ ስለዚህ ለዘላለም የሚኖር ፈንድ አብዛኛውን ገንዘቡን በአክሲዮንና በመሰል ንብረት ላይ ከማዋል በቀር ምርጫ የለውም። አክሲዮን ደግሞ ይወድቃል፤ 30 በመቶ የወደቀ ሀብት ወደ ነበረበት ለመመለስ 43 በመቶ ያህል ማደግ አለበት። በአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች ከኢንቨስትመንት ንብረታቸው በየዓመቱ 5 በመቶ ያህል እንዲያወጡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ሕግ የማያስገድደው ቤተሰብ ግን ወደ 4 ወይም 3.5 በመቶ ዝቅ ቢል ዘላለማዊነቱ እውነተኛ ይሆንለታል ብዬ አምናለሁ።

ከመጠኑ ያላነሰ የሚያስፈልገው አሰጣጡ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። አገለግልበት የነበረው ፈንድ በየዓመቱ የሚሰጠውን የሚወስነው ባለፈው ዓመት ትርፍ ነበር። የ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ሰነዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ለአንድ የእናቶች ክሊኒክ የምንሰጠው በአንድ ጊዜ በግማሽ ቀነሰ። የክሊኒኩ ኃላፊ የሠራተኞቻቸውን ስም ዝርዝር ይዘው ቢሮዬ መጡ። ከነርሶቹ ስም ግማሹ በእርሳስ ተሰርዟል፤ አንዱ ስም ተሰርዞ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና ተሰርዟል፤ ወረቀቱም እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። ሴትየዋ አልወቀሱኝም፤ «በሚቀጥለው ዓመት ስንት እንደሚሆን ብቻ ንገሩኝ» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

የየል ዩኒቨርሲቲ ፈንድ ለዚህ የታወቀ መፍትሔ አለው። የዓመቱን ወጪ ሲወስን 80 በመቶውን ክብደት ባለፈው ዓመት ለወጣውና በግሽበት ለተስተካከለው መጠን፣ 20 በመቶውን ብቻ ደግሞ ከፈንዱ የገበያ ዋጋ በመቶኛ ለሚሰላው መጠን ይሰጣል። ገበያው ሲወድቅ ወጪው በዝግታ ይወርዳል፤ ሲወጣም ማንም በደስታ አይሰክርም። ይህ ለእናንተ ከከበዳችሁ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካይ ዋጋ ወስዳችሁ በዚያ ላይ መቶኛውን ማስላት ይበቃል።

ሁለተኛው መልስ፦

እኔ ወደ ታናሽ እህትዎ አዘነብላለሁ። ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ሲርስ የተባለውን የአሜሪካ የችርቻሮ ንግድ ኩባንያ ለታላቅነት ካበቁት ነጋዴዎች አንዱ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1917 ያቋቋመው ፈንድ ለዘላለም እንዲኖር አልፈለገም። የነገው ትውልድ የራሱን ችግር በራሱ ሀብት ይፈታል ብሎ ስለሚያምን፣ እሱ ከሞተ በ25 ዓመት ውስጥ ዋናውም ወለዱም ተሰጥቶ እንዲያልቅ አዘዘ። በ1932 ሞተ፤ ፈንዱም ከቀነ ገደቡ ቀድሞ በ1948 ተዘጋ። በእሱና በፈንዱ ድጋፍ በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁር ሕፃናት ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል፤ የየአካባቢው ጥቁር ሕዝብም ከኪሱ ገንዘብ፣ ከጉልበቱ ሥራ አዋጥቷል። ገንዘቡ በቋሚ ፈንድ ተቀምጦ 4 በመቶው ብቻ ቢሰጥ ኖሮ፣ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ ትምህርት ቤት ሳያይ ባደገ ነበር?

ሆኖም ያው ታሪክ የአክሲዮን ጥያቄዎንም ይመልሳል። የሮዘንዋልድ ፈንድ ሀብት በአብዛኛው የሲርስ አክሲዮን ነበር። ከ1929 በኋላ ገበያው ሲፈርስ የአክሲዮኑ ዋጋ ተንኮታኩቶ፣ ፈንዱ የገባውን ቃል ለመፈጸም እጅግ ተቸገረ። አባትዎ ድርጅታቸውን መውደዳቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የቤተሰቡ ኑሮም የተቸገረው ሰው ተስፋም በአንድ ድርጅት ላይ ከቆመ፣ ድርጅቱ ሲታመም ሁለቱም አብረው ይታመማሉ። የአሜሪካ ሕግም አንድ የግል ፋውንዴሽንና የመሥራቹ ቤተሰብ በአንድ ላይ ከአንድ የንግድ ድርጅት ከ20 በመቶ በላይ ድርሻ እንዳይዙ በመርህ ደረጃ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽያጩ በአንድ ቀን መሆን የለበትም። በጽሑፍ በሰፈረ መርሐ ግብር፣ ዋጋው ወጣ ወረደ ሳይባል በየስድስት ወሩ የተወሰነ መጠን ቢሸጥ አባትዎም በእያንዳንዱ ሽያጭ እንደ አዲስ መጨነቅ አይኖርባቸውም።

የሃያ ዓመት ፈንድ ከመረጣችሁ አያያዙ ከቋሚው የተለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አክሲዮን ሊበዛ ይችላል፤ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ ግን በሚቀጥሉት አምስትና ስድስት ዓመታት የሚሰጠው ገንዘብ፣ የክፍያ ቀናቸው ከስጦታው ቀን ጋር በሚገጥም ቦንዶች ላይ መሆን አለበት። ተቀባዮችም የመዝጊያውን ቀን ከዓመታት በፊት ይወቁት። አሜሪካዊው ነጋዴ ቸክ ፊኒ በ1982 ያቋቋሙት አትላንቲክ ፊላንትሮፒስ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ማብቂያውን ቀደም ብሎ አሳውቆ፣ 8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰጠ በኋላ በ2020 ተዘግቷል፤ ፊኒም መዝጊያውን በሕይወት እያሉ አይተዋል።

ሦስተኛው መልስ፦

ከላይ የተባለውን አልደግምም። አንድ የተዘለለ ነገር ግን አለ፤ ገንዘቡ ሳያልቅ ዓላማው ሊያልቅ ይችላል። ከአሜሪካ መሥራች አባቶች አንዱ የሆነው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1790 ሲሞት ለቦስተንና ለፊላደልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡ ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ፣ ላገቡና የእጅ ሙያቸውን ተምረው ለጨረሱ ወጣቶች በ5 በመቶ ወለድ በብድር እየተሰጠ ለ200 ዓመት እንዲቆይ ነበር ያሰበው። በስሌቱ መሠረት በመጀመሪያዎቹ 100 ዓመታት 131,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ ከዚያ 100,000ው ለሕዝብ ሥራ ወጥቶ የቀረው እንደገና ለ100 ዓመት ሲሠራ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ ያልፋል። ስሌቱ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። ነገር ግን ፋብሪካ መጥቶ የድሮው የሙያ ልምምድ ሲቀር፣ መስፈርቱን የሚያሟላ ተበዳሪ እየጠፋ ሄደ። በ1990 በቦስተን 5 ሚሊዮን፣ በፊላደልፊያ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገኘ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ ይሁን እንጂ ከታሰበው እጅግ ያንሳል፤ ያንኑ ያህል አደራ የተቀበሉት ሁለቱ ከተሞችም በአያያዛቸው እንዲህ ተለያይተዋል።

ስለዚህ ወንድምዎ ቢያሸንፉ እንኳ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ዓላማው ሰፋ ብሎ ይጻፍ፤ በየአሥር ዓመቱ እንዲመረመርና ከባለአደራዎቹ ሦስት አራተኛው ከተስማሙ እንዲሻሻል ይፈቀድ። ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ቋሚ፣ ግማሹን ጊዜያዊ ማድረግም ይቻላል። ይህን የምመክረው ግን ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሥራ ካለው ብቻ ነው። የወንድምና የእህት ክርክር እንዲበርድ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ፣ ክርክሩን ወደ ሁለት ቦርድ ያዛውረዋል እንጂ አያቆመውም።

ስለ ደብተሩ ያለዎት ስጋት ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። ባለሙያ መቅጠር ደብተሩን መዝጋት አይደለም። ባለሙያው ኢንቨስትመንቱን ይያዝ፤ ከዓመቱ ስጦታ ትንሽ ድርሻ ግን ለልጅ ልጆች ይተውና እያንዳንዱ ልጅ ከደብተሩ አንድ ገጽ ይውሰድ። ክፍያው በወቅቱ መድረሱን ራሱ ይከታተል፤ ቀዩንም መስመር ራሱ ያስምር። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ማድረግ ይችላል፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ባለአደራ ሲሆንም ወረቀቱ ላይ የሚያየው ቁጥር የማን እንደሆነ ያውቃል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መልሶቹን ለአባቴ አነበብኩላቸው። የነርሶቹ ስም ዝርዝር ላይ ስደርስ አስቁመውኝ ደብተሩን አስመጡና ቀይ መስመር ያልተሰመረባቸውን ስሞች አንድ በአንድ ቆጠሩ። አሥራ አራት ናቸው፤ የመጨረሻዋ ተማሪ እስክትመረቅ ስድስት ዓመት ይቀራታል። የእነዚህ ልጆች የስድስት ዓመት ወጪ ከየትኛውም ውሳኔ በፊት ተለይቶ፣ ክፍያው በየትምህርት ዘመኑ መግቢያ በሚደርስ ቦንድ እንዲቀመጥ አዘዙ። ለዚህ የሚበቃውን ያህል አክሲዮን ለመሸጥም ራሳቸው ፈረሙ። ስለቀረው ገንዘብ ከወንድሜና ከእህቴ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት እንነጋገራለን፤ የመጀመሪያው አጀንዳችንም 3.5 ወይስ 4 በመቶ የሚለው ይሆናል።