የሆፒ ሸክላ፦ «የናምፔዮ ቤት ሥራ» በምን ይለያል?

ገንቦ ወዳድ፦
በአሜሪካ አሪዞና ስለሚኖሩት ነባር ሕዝብ፣ ስለ ሆፒዎች፣ ሸክላ በተነሣ ቁጥር ናምፔዮ የሚለው የሸክላ ሠሪ ስም አይጠፋም። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ዕቃው ቢጫና ብርቱካናማ የሚሆነው ተቀብቶ ነው ወይስ ከአፈሩ ነው? ጎኑ ላይ የሚታየው ጠቆር ያለ ጥላ የአተኳኮስ ጉድለት ነው? ደግሞስ ከሥሩ እንቁራሪት የተሣለበት ነጭ ማሰሮ «የናምፔዮ» ተብሎ ሲሸጥ ልክ ነው?

ገል ለቃሚ፦
ከመጨረሻው ልጀምር፤ ልክ አይደለም። እንቁራሪቷ የሌላ ቤት ምልክት ናት። የጀመረችው ፓኳ ናሃ ነች፤ ስሟም በሆፒ ቋንቋ እንቁራሪት ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በነጭ አፈር ቅብ መሥራት ጀመረች፤ ከእርሷ በኋላ ልጇ ጆይ ናቫሲ ሥራውንም ምልክቱንም ያዘች። እግሩን አስተውሉ፦ የእናትየዋ እንቁራሪት ጣቶቿ ለየብቻ ናቸው፣ የልጅቷ ግን እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዙ ናቸው። የፓኳ ምራት ሄለን ናሃ ደግሞ ላባ ትሥል ነበር።

ናምፔዮ በ1859 ገደማ በአሪዞና፣ አንደኛው አምባ (ፈርስት ሜሳ) ላይ ባለችው ሃኖ መንደር ተወልዳ በ1942 ሞተች። ሃኖ የቴዋዎች፣ ማለትም ከሆፒዎች ጋር የሚኖሩ የሌላ ነባር ሕዝብ፣ መንደር ናት፤ አባቶቻቸው በ1680 በስፔኖች ላይ ከተነሣው አመፅ በኋላ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ አካባቢ የመጡ ናቸው። ጎሳ የሚቆጠረው በእናት ስለሆነ ናምፔዮ የቴዋ የበቆሎ ጎሳ ልጅ ነች። ሙያውን የተማረችው ግን በሆፒዎቹ መንደር በዋልፒ ከምትኖረው የአባቷ እናት ነው። ስለዚህ ዘር በእናት በኩል ቢሄድም እጅ ሁልጊዜ ያንን መንገድ አይከተልም።

ፊርማ ላይ አትቸኩሉ። ናምፔዮ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። በእርጅናዋ ዓይኗ ሲደክም እርሷ በዳሰሳ ታበጃለች፣ ልጆቿ አኒ፣ ኔሊና ፋኒ ይሥላሉ። ስሟ በእጅ ተጽፎ ቢገኝ የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

እሳትና ፍግ፦
ቀለሙ የአፈሩና የእሳቱ ነው። ግራጫው አፈር ብረት አነስ ስላለው በቂ አየር ባለው እሳት ሲተኮስ ከክሬም እስከ ብርቱካናማ ይሆናል፤ አንዱ ዕቃ ላይ እንኳ ቀለሙ ከጎን ጎን ይለያያል። ቢጫው አፈር ብረት ስለሚበዛው ይቀላል። ጥሬውን አይቶ የሚገምት ሰው ይሳሳታል።

አተኳኮሱ እንዲህ ነው፦ ዕቃው መጀመሪያ እሳት ዳር ይሞቃል። ውስጡ እርጥበት ከቀረ እንፋሎት ይሆንና ገጹን እየፈነቀለ ያወጣዋል። ከዚያ ተደፍቶ ይደረደራል፣ በትልልቅ ገሎች ይከለላል፣ ደረቅ የበግ ፍግ ዙሪያውንና ከላይ ይከመርበታል። ፍጉ ተንሸራቶ ዕቃውን ከነካ ወይም ነፋስ ጭሱን ወደ አንድ ጎን ከገፋው ያ ያልከው ጥቁር ጥላ ይመጣል። ብዙ ሰብሳቢ ይወደዋል፤ የሥዕሉን ፊት ካልሸፈነ እኔም ጉድለት አልለውም። በግ ያመጡት ስፔኖች ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሲክያትኪ በተባለችው፣ ዛሬ ፍርስራሽ በሆነችው የጥንት የሆፒ መንደር የነበሩ ሰዎች በድንጋይ ከሰል ይተኩሱ ነበር፣ የጥንቱ ሸክላ ጥንካሬም ከዚያ የመጣ ነው።

ጥቁሩ ቀለም ከሰናፍጭ ወገን የሆነ የዱር ተክል እስኪወፍር ተቀቅሎ፣ ከተፈጨ የብረት ማዕድን ጋር በድንጋይ ላይ ተለውሶ ይሠራል። የተክሉ ጭማቂ ማጣበቂያው ነው፤ ካነሰ ጥቁሩ ከተተኮሰ በኋላ በጣት ይለቃል። ብሩሹ ጫፉ ታኝኮ ቃጫው የቀረ፣ ዩካ የተባለ የበረሃ ተክል ቅጠል ነው።

ገንቦ ወዳድ፦
ናምፔዮ የጥንቱን ንድፍ ያገኘችው ባሏ በ1895 ከአርኪዮሎጂስቱ ፊውክስ ጋር ሲክያትኪን ሲቆፍር ነው የሚባለውስ?

ገል ለቃሚ፦
ታሪኩ ሲነገር ያምራል፣ ግን ጠባብ ነው። ቁፋሮው እውነት ነው፣ ብዙ ሙሉ ዕቃ አውጥቷል። ነገር ግን የሲክያትኪ ገሎች ከመንደሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው መሬት ላይ ፈስሰው ነበር፤ ነጋዴው ቶማስ ኪምም ከዚያ በፊት የጥንቱን የሚመስል ሥራ ያሠራ ነበር። «የሞተውን ሙያ አስነሣች» የሚለውም አይስማማኝም። አንደኛው አምባ ላይ ሸክላ መሥራት አልቆመም ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የፖላካ ሸክላ ነጭ ቅብ ነበረው፤ ቅቡና ገላው እኩል ስለማይኮማተሩ ላዩ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል። እርሷ ቅቡን ትታ ራሱን አፈሩን በድንጋይ አለሰለሰች፣ ቅርጹንም ወደ ሲክያትኪ መለሰች፦ ዝቅ ያለ፣ ትከሻው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ አፉ ጠባብ።

እሳትና ፍግ፦
የናምፔዮን ቤት ከፎቶ ለመገመት ያንን ትከሻ እዩ። የሚያስቸግረውም እርሱ ነው። የታችኛው ግማሽ ጠንከር ሳይል ጥቅል ጭቃ ከተጨመረበት ትከሻው በራሱ ክብደት ይሰምጣል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ አዲሱ ጥቅል አይያያዝም፣ መጋጠሚያው እሳት ላይ ይከፈታል።