መረሬ አፈር ላይ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ፦ ምን ላድርግ?

ሰንዳፋ 200 ካሬ ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። የፍሳሽ መስመር ስለሌለ ሴፕቲክ ታንክና ማስረጊያ ጉድጓድ ላሠራ ነው። አፈሩ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

ውሃ የማስረግ አቅሙን ልፈትሽ ብዬ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሥሩ ላይ ጠጠር አደረግኩበት። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጀሪካን ውሃ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ጭልጥ አለ። ደስ አለኝ።

ሌሊቱን ውሃ እየጨመርኩ አሳደርኩትና ጠዋት 15 ሳንቲ ሜትር ሞልቼ በማስመሪያ ለካሁ። በ30 ደቂቃ የወረደው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ። ሦስቴ ደገምኩት፣ ያው ነው። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ተደፍኗል፤ ግድግዳው እንደ ሳሙና ያሟልጫል።

ቆፋሪው «የመጀመሪያው ልኬት ይበቃል» ይለኛል። እኔ አላመንኩትም። ክረምት ላይ ፍሳሹ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ቢገነፍልስ? 2 ሜትር ላይ ጥቁሩ አልቆ ቢጫ ፍርክስክስ ድንጋይ ይጀምራል። ግን የጎረቤቴ የውሃ ጉድጓድ ያለው 18 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ ፍሳሹ እንዳይደርስበት እሰጋለሁ።

መረሬ ላይ የሠራችሁ፣ እስከ ድንጋዩ ወርጄ ልኬቱን እዚያ ልድገመው ወይስ ከመሬት ከፍ ያለ የአሸዋ ማጣሪያ ላሠራ?