ከጅማ ወደ አል-ዓይን፦ ክረምት ላይ ልሂድ ወይስ ጥር?

የጅሬኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነው የማስተምረው። እህቴ ኤምሬትስ፣ አል-ዓይን ከተማ ትሠራለች፤ «ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ፣ አንቺ ብቻ ነይ» ብላ ይዛኛለች። ረዘም ያለ ዕረፍት የማገኘው ያው ክረምት ስለሆነ ሐምሌ ላይ አሰብኩ። የዱባይ ፎቅ ብዙም አያጓጓኝም። ቴምር ዛፉ ላይ ሆኖ ማየት ነው የምፈልገው፤ ረመዳን በመጣ ቁጥር ከካርቶን ነው የምናወጣው። ሙቀቱ እንደሚወራው ነው? ቡናስ ይዤ ብገባ ችግር አለው?

ሸገር ነኝ፦
ሐምሌ? በሕይወትሽ ቀልደሻል።

የአጋሮ ልጅ፦
እህቴ፣ እዚሁ አል-ዓይን ነው የምኖረው። ሐምሌ ቀትር ላይ 45 ዲግሪ ማለፍ እዚህ ብርቅ አይደለም። ክፋቱ ቴምሩ የሚበስለውም ያኔ ነው። ፍሬ ካልሽ ሙቀቱን መቻል ነው፤ ወደ ማምሻው እየወጣሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን በሴሚስተር ዕረፍት ነይ። ጥር አየሩ ልክ የሰው ነው። የካቲት አካባቢ ከደረስሽ ደግሞ ሠራተኞቹ ዘንባባው ላይ ወጥተው የወንዱን አበባ ከሴቷ ጋር ሲያስሩ ታያለሽ፤ ማዳቀሉን ለንፋስ አይተዉትም።

የቴምር እርሻው መሃል ከተማ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም። ከ140 ሺህ በላይ ዘንባባ አለ ይባላል። በጭቃ ግንብ መሃል በጠባቡ መንገድ ስትሄጂ ከዘንባባው ሥር ማንጎና ሙዝ ታገኛለሽ፤ እኛ አገር ቡና በዛፍ ጥላ እንደሚያድገው ማለት ነው። ከእግርሽ አጠገብ ያለው ቦይ ፈለጅ ይባላል። የጥንቱ አሠራር ከተራራ ሥር የሚነሳውን ውኃ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ፣ በቁልቁለቱ ብቻ ማምጣት ነው፤ ገበሬዎቹም በሰዓት ይካፈሉታል። ሂሊ የሚባለው የአል-ዓይን ጥንታዊ ቦታ ላይ የተገኘው ፈለጅ 3,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ዩኔስኮም እነዚህን ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2011 መዝግቧል።

ከዚያ አል-ጃሂሊ ምሽግ ግቢ። ሩብ አል-ኻሊ የሚባለውን ሰፊ በረሃ በግመል ያቋረጠው እንግሊዛዊ የቴሲጀር ፎቶዎች እዚያ አሉ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ ነው! ሐፊት ተራራ ደግሞ በመኪና ነው የሚወጣው፣ ሲመሽ ይሻላል። የገበያ ማዕከሉን ተዪው፣ የትም አለ።

ኡሙ ሰሚር፦
ዋናውን ረሳችሁት። ቡና ለቤት የሚሆን ያህል ያዢ፣ ማንም አይነካብሽም። ጫት ግን እዚያ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ያሳስራል። ጅማ ደግሞ ጉዞሽ ከተሰማ «ለወንድሜ አድርሺልኝ» የሚል አይጠፋም። የታሸገ ነገር ከማንም አትቀበይ፣ ዘመድም ቢሆን። ይሉኝታ አይያዝሽ። ሻንጣሽን ራስሽ እሰሪ።

የጅሬኗ፦
ተባረኩ። እንግዲያው ጥር ይሁን፤ ፍሬውን እህቴ ፎቶ ትላክልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ የጅማ በርጩማ አምጪልኝ ብላለች፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል?

የአጋሮ ልጅ፦
ትንሿን ግዢ። እግሮቿን በጋቢ ጠቅልለሽ መሃል ላይ አድርጊያት። ለኔም አንድ ብትጨምሪ አልጠላም።