ባለ 2-6-6-6 ሞዴል ባቡራችን ኩርባው ላይ ከሐዲድ እየወጣ አስቸግሮናል፤ ትርኢቱ ነገ ጠዋት ነው

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለልጄ ትምህርት ቤት ትርኢት ያዘጋጀነው ባለ 2-6-6-6 ማሌት ሎኮሞቲቭ ቀጥታውን መስመር በሰላም ይሄዳል፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ከሐዲዱ ይወጣል። ሐዲዱንም መንኮራኩሮቹንም በአልኮል ጠርጌአለሁ፣ ለውጥ የለም። ልጁ አልተኛም፤ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ።

የፉርጎ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ መፍትሔ ከመፈለግ በፊት የያዙትን ነገር ማወቅ ይገባል። ቁጥሮቹ ከፊት ወደ ኋላ የተቆጠሩ መንኮራኩሮች ናቸው፤ 2 መሪዎች፣ ባለ 6 ሁለት የነጂ መንኮራኩር ቡድኖች፣ ከዚያ 6 ደጋፊዎች። በኦሃዮ የሚገኘው ሊማ ፋብሪካ ከ1941 እስከ 1948 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ለቼሳፒክ እና ኦሃዮ ባቡር ድርጅት 60፣ በ1945 ደግሞ ቨርጂኒያን ለሚባለው ባቡር ድርጅት 8 ሠርቷል፤ ሥራቸውም በዋናነት ከሰልን የአሌጌኒ ተራሮችን ማሻገር ነበር። ከኋላ 6 ደጋፊ ያስፈለገው የእሳት ምድጃው እጅግ ሰፊና ከባድ ስለሆነ ነው። በእውነተኛው ባቡር ላይ የኋላው የነጂዎች ቡድን ከቦይለሩ ጋር ተጣብቆ ሲቀር፣ የፊተኛው ብቻ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል።

ሻይ ቤት፦ ሐዲዱን በአልኮል ጥረገው፤ የእኔ የተስተካከለው በዚያ ነው።

ጠያቂ፦ ጠርጌአለሁ ብያለሁ እኮ።

ጥንቁቅ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ባቡር በትክክለኛ ትርጉሙ ማሌት አይደለም። አናቶል ማሌት በ1884 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት አሠራር፣ እንፋሎቱ በኋለኞቹ ሲሊንደሮች ከሠራ በኋላ ወደ ሰፋፊዎቹ የፊት ሲሊንደሮች እንዲያልፍ የሚያደርግ ነበር። አሌጌኒ የሚባለው የዚህ የእናንተ 2-6-6-6 አራት ሲሊንደሮች ግን ሁሉም ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ ከቦይለሩ ይቀበላሉ። ማሌት ማየት የሚፈልግ ሰው በምጽዋና አስመራ መስመር ላይ የሠሩትን ትንንሾቹን 0-4-4-0 ይመልከት። ልጁ ነገ በመምህሩ ቢጠየቅ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው።

ጠያቂ፦ ልጁ ነገ የሚጠየቀው ባቡሩ ለምን ወደቀ ተብሎ ነው።

ቀልደኛው፦ ከኋላው 6-6-6 የተጻፈበትን ባቡር ያለ ጠበል ኩርባ ታስገባለህ? ግን ሞተሩ ላይ እንዳትረጭበት። ይልቅስ ኤሌክትሪኩን አጥፋና ሎኮሞቲቩን በእጅህ ቀስ አድርገህ እየገፋህ የትኛው መንኮራኩር ቀድሞ እንደሚነሳ ተመልከት። መሪዎቹ ከሆኑ የሐዲዱን መጋጠሚያ በጣትህ ዳስስ፤ ጫፉ ከፍ ብሎ ይሆናል። የኋላዎቹ 6 ከሆኑ ግን ወደ ከሰልና ውሃ ፉርጎው የሚሄደው ሽቦ ተወጥሮ እየጎተታቸው፣ ወይም የያዛቸው ብሎን ከልክ በላይ ጠብቆ እንዳይዞሩ ከልክሏቸው ሊሆን ይችላል። ብሎኑን በካቻቢቴ ግማሽ ዙር አላላው፤ የማያያዣው ዘንግ ሁለት ቀዳዳ ካለው ደግሞ ፉርጎውን በራቀው ላይ ስካው። ለመሆኑ የኩርባው ራዲየስ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ የኋላዎቹ ናቸው። ብሎኑን ሳላላው አንድ ዙር ሄደና በሁለተኛው ወደቀ። ራዲየሱ 18 ኢንች ነው፤ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው ዓይነት ነው።

የፉርጎ ወዳጅ፦ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩን ኖሮ ሁላችንም ትንፋሻችንን ባላባከንን ነበር። 18 ኢንች ለዚህ ርዝመት ጠባብ ነው፤ 22 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኩርባ ከጎረቤት ይዋሱ። ካላገኙ ቀጥታው መስመር ላይ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱት። ሜሪላንድ አካባቢ ከሆኑ ደግሞ ቁጥር 1604 የሆነው እውነተኛ አሌጌኒ ባልቲሞር በሚገኘው የባቡር ሙዚየም ቆሟል፤ ልጁ እነዚያን 6 መንኮራኩሮች በእውነተኛ መጠናቸው ቢያያቸው ይወዳል።

ሻይ ቤት፦ አልኮሉ ስንት ፐርሰንት ነበር?