ለላብ ኪቱ ፕሮፖዛል፦ የጄኔሬተሩ አውትፑት ምን ይሁን?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለትምህርት ቤቶች የምናቀርበው የሲግናል ጄኔሬተር (የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚያወጣ የላብ መሣሪያ) ፕሮፖዛል የቀረው የአናሎግ አውትፑቱ፣ ማለትም ሞገዱ የሚወጣበት ክፍል ብቻ ነው፣ ባለፈው ስንጨቃጨቅበት መሸና ተውነው። እዚሁ ጻፉልኝ፣ ማታ ሰነዱ ላይ አስገባዋለሁ።

ተማሪው፦ እኔ አሁንም ኢኤስፒ32 (ፕሮግራም የምንጭንበት ቺፕ) ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ። ውስጡ ዳክ (ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር) አለ፣ ፒን 25 ላይ ሽቦ መሰካት ነው፣ አለቀ። ሌላ ቺፕ ትርፍ ወጪ ነው።

የላብ መምህርት፦ ወንድሜ እሱ ዳክ እኮ 8 ቢት ነው፣ 3.3 ቮልቱን 256 ቦታ ነው የሚከፍለው፣ አንዱ እርምጃ 13 ሚሊቮልት ገደማ። ኦሲሎስኮፕ (የሞገድ ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ጠጋ ብለህ ስታየው ለስላሳ ሳይን ዌቭ ሳይሆን የኮንዶሚኒየም ደረጃ ነው። ኤዲ9833 የሚባለው ሞገድ አመንጪ ቺፕ ግን 1024 እርምጃ አለው፣ በ25 ሜጋኸርዝ ክሎክ ፍሪኩዌንሲውን በ0.1 ኸርዝ እየቆነጠርን መጨመር እንችላለን።

ጋሼ ጠጋኙ፦ ቺፑ ላይ አልከራከርም፣ ብሩ የሚያስፈልገው ግን ከቺፑ በኋላ ላለው ነው። ኤዲ9833 የሚያወጣው 0.6 ቮልት ገደማ ነው፣ እሱም ወደ ኔጌቲቭ አይወርድም። መጀመሪያ ደረጃውን የሚያለሰልስ ሎው ፓስ ፊልተር፣ ቀጥሎ ኦፍሴቱን (ሞገዱ ከዜሮ በላይ ከፍ ያለበትን) አጥፍቶ ከፍ የሚያደርግ ኦፕአምፕ (ማጉያ ቺፕ)፣ መጨረሻ 50 ኦም። ደሞ ኤልኤም358 የሚባለውን ኦፕአምፕ እንዳታመጡብኝ! ርካሽ ነው ብዬ አንዴ ገጥሜው ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ሳይኑ ሶስት ማዕዘን ሆነብኝ፣ ቺፑ ተቃጥሏል ብዬ ሁለቴ ቀየርኩ፣ ለካ ስሉ ሬቱ (ቮልቴጁን የሚቀይርበት ፍጥነት) ነው፣ በማይክሮሰከንድ ግማሽ ቮልት እንኳ በስንት መከራ። 5 ቮልት ፒክ በ100 ኪሎኸርዝ በማይክሮሰከንድ ከ3 ቮልት በላይ ይፈልጋል። ቲኤል072 የሚባለው ኦፕአምፕ ይችለዋል፣ ግን መውጫው የሚጠይቀውን 50 ሚሊአምፐር ስለማይችል ከኋላው ሁለት ትራንዚስተር ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ 50 ኦም የምትሉት የግድ ነው? ዝም ብሎ ሪዚስተር ከሆነማ ርካሽ ነው አይደል?

የላብ መምህርት፦ ሳንቲም ነው እህቴ፣ ጣጣው ሌላ ነው። እኛ ላብ ያለው ጄኔሬተር 5 ቮልት ብለሽ ስትሞይው ኦሲሎስኮፑ 10 ያሳያል፣ ልጆቹም ኦሲሎስኮፑ ተበላሸ ይላሉ። ማሽኑ ጫፉ ላይ ሌላ 50 ኦም አለ ብሎ ገምቶ ነው የሚጽፈው፣ ያኔ ግማሹ እዛው ውስጡ ይቀራል፣ ኦሲሎስኮፕ ግን 1 ሜጋኦም ስለሆነ ሙሉውን ያያል። የኛ ላይ «ያለ ሎድ» (ጫፉ ላይ ያ 50 ኦም ሳይኖር) ተብሎ ፊቱ ላይ ይጻፍ።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ እንዲህ ልጻፍ? «ሳይኑ እስከ 100 ኪሎኸርዝ፣ ያለ ሎድ 10 ቮልት ፒክ ቱ ፒክ (ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው)፣ 50 ኦም፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 12 ቮልት ሳፕላይ።»

ተማሪው፦ እሺ ተሸነፍኩ ሃሃ፣ ፊልተሩን እኔ ልሳለው። ግን ስኩዌር ዌቩም (ባለ አራት ማዕዘኑ ሞገድ) በዛው ካለፈ ጠርዙ አይድበለበልም?

ጋሼ ጠጋኙ፦ ጎሽ! ፊልተሩን ዘሎ ይለፍ፣ መቀየሪያ ስዊች ጨምርበት። ስኩዌሩ ደሞ ከቺፑ ሲወጣ 0.6 ሳይሆን ሙሉውን የቺፑን ሳፕላይ ነው፣ ኦፕአምፑ ጋ ሳይደርስ በሪዚስተር ዝቅ አድርገው።