የድሮ የዘረፋ ፊልም ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው?

እንቅልፍ አልባው፦ ሰላም ጓዶች፣ ትላንት የ1955ቱን (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ፊልም ሪፊፊን ከፍቼ ጥቁርና ነጭ ነው ብዬ ልዘጋው ስል እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አስቀመጠኝ። የዘንድሮዎቹ በየደቂቃው ፍንዳታ እያላቸው የሚያስተኙኝ ለምንድነው?

ሲኒማ ቤት፦ ዝምታው ነዋ! ግማሽ ሰዓት ገደማ ወሬ የለ ሙዚቃ የለ፣ ከላይኛው ፎቅ ወለሉን በስተው ጃንጥላ በቀዳዳው ያሾልኩና ታች ይዘረጉታል፣ ፍርስራሹ እዛው ውስጥ እንዲጠራቀም፣ እኔማ ትንፋሼን ውጬ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ሚጣ፦ ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን እኮ አሜሪካዊ ነው፣ በኮሚኒስትነት ጠቁመውበት ሆሊውድ ስራ ስለከለከለው ነው አውሮፓ የሄደው። እና ፊልሙ ላይ ጓደኞቹን የሚያጋልጠውን ካዝና ከፋች ማን የተጫወተው ይመስልሃል፣ ራሱ!

እንቅልፍ አልባው፦ ኧረ ባክሽ! እሱ ነው እንዴ ያ ባለ ቦው ታይ?

ሲኒማ ቤት፦ አዎ እሱ ነው። መሳቅ ከፈለግክ ደግሞ የማሪዮ ሞኒቼሊን የ1958ቱን የጣልያን ፊልም ፈልግ፣ ካዝናው ጋ ደረስን ብለው ግድግዳ ሲያፈርሱ ኩሽና ውስጥ ዱብ፣ ከዛ ምን ያድርጉ ቁጭ ብለው የሰው ፓስታ በሽምብራ ይበላሉ 😂