ዴንቨር ላይ ለቱርቦ መኪና 85፣ 87 ወይስ 91 ቤንዚን?

ጥያቄ (አብርሽ ኦሮራ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከቨርጂኒያ ወደ ኮሎራዶ ገና መምጣቴ ነው። መኪናዬ የ2018 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ፣ ባለ 2.0 ቱርቦ፣ ምንም ያልተነካካ ነው። የነዳጅ መሙያው ክዳን ላይ ኦክቴን 91 ይላል (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋምበት ቁጥር)። እዚህ ማደያው 85፣ 87 እና 91 ነው ያለው፣ የለመድኩት 93 የለም። «ከፍታ ቦታ ስለሆነ 85 ይበቃል» ብለውኝ ግማሽ ታንክ 85 ሞላሁ። አሁን ዳገት ላይ ጉልበቱ ቀንሷል። ምን ላድርግ?

ሻፌሩ፦ እዚህ አገር ብዙ ሰው 85 ነው የሚቀዳው፣ ምንም ሲሆን አላየንም። አትጨነቅ።

ካንዴላ፦ ሻፌሩ፣ ያልከው ቱርቦ ለሌለው መኪና ነው፣ ለዚያውም ለድሮው ባለ ካርቡራቶር። 1,600 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ሞተሩም አያንኳኳም (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው በራሱ አይፈነዳም)። 85 የመጣው ከዚያ ዘመን ነው። ቱርቦ ግን የጎደለውን አየር አምቆ ይሞላዋል። ስለዚህ ከፍታው ለአብርሽ መኪና ይህን ያህል ቅናሽ አያደርግለትም። ቱርቦ የሌለው አዲስ መኪና ቢሆንም አምራቹ 87 ካለ 87 ቅዳ።

አብርሽ፣ ጉልበቱ የጠፋው ለዚህ ነው፦ ቤንዚኑ ካንዴላው ካቀጣጠለው በኋላ ዳር ላይ የቀረው ክፍል በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ማንኳኳቱን የሚያዳምጠው የኖክ ሴንሰር ይሰማና ኮምፒውተሩ ብልጭታውን ወደ ኋላ ያዘገየዋል። ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል ማለት ነው። የሚያሰጋው ግን ሴንሰሩ ሳይደርስበት የሚመጣው ነው። በዝቅተኛ ዙር፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ ዳገት ላይ እስከ ታች ስትረግጠው አንድ ከባድ ፍንዳታ የፒስተኑን የፋሻ መቀመጫ ሊሰብረው ይችላል። ያን ጊዜ ወጪው ሞተር ማውረድ ነው።

የማርሽ ሰው፦ አሁን የምታደርገው፦ ታንኩ 16 ጋሎን ገደማ ነው። ያለህ 8 ጋሎን 85 ከሆነ 8 ጋሎን 91 ጨምርበት፣ 88 ይሆናል። ሩብ ሲቀር 12 ጋሎን 91 ሙላ፣ ወደ 90 ይደርሳል። ሦስተኛው ሙሌት ላይ ከሞላ ጎደል ንጹሕ 91 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ2,500 ዙር በታች ጠንከር አድርገህ አትርገጥ፣ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንስ። ታንኩ ውስጥ ያለውን ማስወጣት አያስፈልግም።

የኦክቴን መጨመሪያ ጠርሙስ አትግዛ። ጠርሙሱ ላይ «3 ነጥብ ይጨምራል» የሚለው ብዙ ጊዜ 0.3 ማለት ነው፣ 85ን 85.3 ያደርግልሃል። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ውሁድ ደግሞ ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋል።

ካንዴላ፦ በግምት አትሂድ፣ ቁጥሩን አንብብ። እንደ ኮብ አክሰስፖርት ያለ የሱባሩን ቋንቋ የሚያነብ መሣሪያ ካገኘህ «ዳም» የሚለውን ተመልከት፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እንዳመነው የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ 1.0 መሆን አለበት። ፊድባክ ኖክ (ማንኳኳት ሲሰማ ብልጭታውን ያዘገየበት ዲግሪ) −1.4 አልፎ አልፎ፣ ለቅጽበት ቢታይ ችግር የለውም። እስከ ታች ረግጠህ −2.8 ወይም ከዚያ የባሰ ደጋግሞ ካሳየህ፣ ወይም ዳም ከ1 ከወረደ፣ መንዳትህን ቀነስ አድርግ። ለማንኛውም መኪና የሚሰካው ርካሹ ኦቢዲ ማንበቢያ መሣሪያ ይህን አያሳይህም፣ የብልጭታውን ዲግሪ ብቻ ነው የሚያሳየው።

91 ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልተህ ካልተስተካከለ ቤንዚኑን መውቀስ አቁም። ያረጀ ካንዴላ፣ የተላቀቀ የኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ቱቦ፣ ወይም በትንፋሽ መስመሩ ወደ ሲሊንደር የሚገባ የሞተር ዘይት ይሆናል። የዚህ መኪና ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ስለተቀመጠ መብራት ላይ ቆሞ ሲነሳ አየሩ ይሞቃል፣ ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ብቻ ለካ።

ሃና ዱባይ፦ እዚህ ማደያው 91፣ 95 እና 98 ነው ያለው። ታዲያ የእኛ 91 ከእናንተ 91 ጋር አንድ ነው?

የማርሽ ሰው፦ አይደለም እህቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገልፍ ውስጥ የሚጻፈው «ሮን» የሚባለው ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚጻፈው ግን የሮንና የሞን (ጠንከር ባለ ሙከራ የሚለካው ሌላው የኦክቴን ቁጥር) አማካይ ስለሆነ በ4 ወይም በ5 ያንሳል። የእናንተ 91 የአሜሪካው 87 ገደማ፣ 95 ከ91 ጋር ተቀራራቢ፣ 98 ደግሞ 93 ገደማ ነው። መኪናሽ ቱርቦ ከሆነ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሮን ጠብቂ። በጋ ላይ የሚገባው አየር ትኩስ ስለሆነ ማንኳኳቱ ይብሳል፣ 95 ከፈቀደልሽም ከባድ መንዳት ካለ 98 ጥሩ ነው። ኮሮላ ከሆነ ግን 98 ገንዘብ ማባከን ነው።

ሻፌሩ፦ እሺ፣ 91 ካለ ከዚያ በላይ ምንም ፋይዳ የለውም ማለት ነው?

ካንዴላ፦ ለአብርሽ ያልተነካካ መኪና ብዙም የለውም። ኮምፒውተሩ ለ93 ተስተካክሎ ከነበረ ግን ኮሎራዶ ላይ የ91 ማስተካከያ ሳይጫን መንዳት አይቻልም። ኢ85 የሚለውን ቧንቧ ደግሞ እንዳትነካው (አብዛኛው ኤታኖል ነው፣ ከ85 ቤንዚን ጋር አታምታታው)፣ የዚህ መኪና የነዳጅ መስመር ለእሱ አልተሠራም።